ቀባሪ አለኝ

«እዚያ ስትሞት ማን ይቀብርሃል?» አለችኝ እህቴ ኦፓል ትናንት ማታ በስልክ፣ ምሳ በላህ ወይ እንደማለት አድርጋ፤ ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም። ይኸው ነግቶ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ኮቴን ለብሼ፣ የቀበሌው አዳራሽ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬም ይቺው ጥያቄዋ ናት ጆሮዬ ላይ የምትጮኸው። አዳራሽ ይበሉት እንጂ የአንድ ሀብታም መኪና ማደሪያ ነበር፤ ቪላው ሲወረስ ግድግዳው ላይ የሦስት ጺማም ሰዎች ሥዕል ተሰቀለበትና አዳራሽ ሆነ፤ የዘይቱ ሽታ ግን እስካሁን አለ፤ ለእኔ ለመካኒኩ ደግሞ ያ ሽታ ነው የሚያጽናናኝ። የዛሬው ስብሰባ አጀንዳ እኔ ነኝ። እኔ ሮስኮ፣ የሴንት ሉዊስ ልጅ፣ የሚሲሲፒን ውሃ ጠጥቼ ያደግሁ ጥቁር አሜሪካዊ፣ ከጣሊያን መውጣት በኋላ የናፍጣ ሞተር አስተምር ተብዬ መጥቼ በዚያው የቀረሁ፣ የየሻሽወርቅ ባል፤ እሷንም ካቻምና ቦሌ ሚካኤል ቀብሬ ብቻዬን ቤት የምጠብቅ። ሰሞኑን መንግሥት የአሜሪካኖቹን መሥሪያ ቤቶች ዘግቶ ሠራተኞቻቸውን በአስቸኳይ ውጡ ብሏቸዋል፤ በቦሌ መንገድ ሻንጣ የጫነ መኪና ሲግተለተል ሰነበተ። እኔን መንግሥት ውጣ አላለኝም። የቀበሌያችን ካድሬ ጓድ ረታ ግን አሜሪካዊ ያው አሜሪካዊ ነው፣ ይኑር ወይስ ይሂድ የሚለውን ሕዝቡ ይወስን አለ። እስከ ፋሲካ ድረስ ጋሼ ሲለኝ የነበረ ልጅ ነው። ዛሬ ሚስተር ሆኛለሁ።

ወደ ቤትህ ና ትለኛለች ኦፓል። ስልኩ ከባሕር ማዶ ሲመጣ ድምፁ ይዘገያል፤ እኔ የፊተኛውን ስመልስ እሷ ሌላ ጥያቄ ጀምራለች፤ እንዲሁ እንደተላለፍን ነው የምናወራው። የትኛው ቤቴ ነው የምመጣው አልኳት። እኔ ጋ አንድ ትርፍ ክፍል አለ አለች። ክፍልና ቤት አንድ ነው እንዴ? ቤታችንን እኮ አፍርሰውታል ኦፓል፣ መንገዱንም፣ ቤተ ክርስቲያኑንም፣ ፀጉር የምንስተካከልበትንም፤ ሴትየዋ ዓሣ በምትጠብስበት ማዕዘን ላይ ዛሬ ሣር ነው የበቀለው፤ በዓይኔ አይቼው የለም እንዴ? ከዚያ ነው ያቺን የመቃብር ጥያቄ ያመጣቻት። አይ ኦፓል፣ ከልጅነቷም እንደዚህ ናት፣ መልስ ሲጠፋት ጥያቄ ትወረውራለች።

ጓድ ረታ ተነስቶ ስለ ከተማዬ እያነበበ ነው። ወረቀት ይዟል። ሴንት ሉዊስ የምትባለው ከተማ፣ ይላል፣ በኢምፔሪያሊዝም ሥር የምትማቅቅ፣ ሠራተኛው በጠኔ የሚያልቅባት፣ ጥቂት ቡርዧዎች የሚፈነጩባት… ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይላሉ፤ እኔ ፊቱ ተቀምጬ እሱ ስለ እናቴ ከተማ ያነብልኛል። ባለፈው ሳምንት ቤቴ ድረስ መጥቶ ይህንኑ በራስዎ አፍ ይናገሩልን ብሎኝ ነበር፤ የተጨቆኑ ሰው ነዎት፣ ይናገሩና ነገሩ ያልቃል። እናገራለሁ፣ ግን የማውቀውን ነው የምናገረው፣ ያንተን ወረቀት አላነብም አልኩት። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ነው ጋሼ መባሌ የቀረው። ደግሞ እኮ ያነበበው ሁሉ ውሸት ቢሆን በሳቅኩበት ነበር። ግማሹ እውነት ስለሆነ ነው ደሜ የሚፈላው።

እንዴታ፣ ተበዝብዘናል። ከተማዋን መጀመሪያ የቆረቆሯት ፈረንሳዮች ናቸው፤ ወንዙን ሽቅብ ወጥተው መጡና የአውሬ ቆዳ ከቀይ ሕንዶቹ እየገዙ ወደ ባሕር ማዶ ይሰዱ ጀመር፤ ከቆዳው ቀጥሎ ወደ ምዕራብ የሚሰደደው ሕዝብ ሁሉ ስንቁንና ጠመንጃውን የሚሸምተው እኛ ጋ ሆነ፤ ከዚያ መርከቡ መጣ፣ ያ የእንፋሎቱ፣ ጢሱን እያንቦለቦለ፣ ድንጋይ በተነጠፈው ዳርቻ ላይ አንዱ ባንዱ ጎን እየተለጠፈ፤ ጥጡን፣ እርሳሱን፣ ዱቄቱን የሚሸከመው ታዲያ ማነው? የእኛው ሰው። ከዚያ የብረት ድልድይ ተሠራ፤ ባቡር በወንዙ አናት ላይ ሲያልፍ መርከቡ ሥራ ፈታ፣ አባቴም የመጨረሻዎቹን መርከቦች አራግፎ የሸክላ አፈር ለመቆፈር ገባ። የከተማዋ አፈር ቀይ ነው፣ ጡብ ይሆናል፤ ሀብታሙም ድሃውም ቤቱ ቀይ ጡብ ነው። አባቴ ማታ ሲመጣ የጥፍሩ ሥር እንደቀላ ነበር፤ እናቴ ብትፈትገው ብትፈትገው አይለቅ። እሷ ደግሞ የጫማ ፋብሪካ ባለቤቶችን ሸሚዝ ትተኩስ ነበር። በጫማ አንደኛ፣ በመጠጥ አንደኛ፣ በኳስ ውራ እየተባለ ይቀለድብን ነበር፤ እኛ ግን ከጫማው ተረፈ ምርቱን፣ ከመጠጡ ሽታውን፣ ከኳሱ ሽንፈቱን ነው የተካፈልነው። ይህን ለየሻሽወርቅ ስነግራት እስክታለቅስ ሳቀች። ያ የምትለው ወንዝ ዓባይን ያክላል? አለችኝ አንድ ቀን። ይበልጣል አልኳት። ወግድ፣ አለች፣ ከዓባይ የሚበልጥ ወንዝ የለም፤ በል እንኳን እዚህ መጣህልኝ። አንተ ደረቅ ትለኝ ነበር ደግሞ፣ የእኔ ደረቅ። ማታ እግሯን ሳሻት፣ ቀባሪ አያሳጣህ ብላ ትመርቀኝ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ይህ ምን ዓይነት ምርቃት ነው ብዬ ተቀይሜያት ነበር፤ ሞቴን የምትመኝ መስሎኝ።

«ሚስተር ሮስኮ ያዳምጣሉ?» አለ ረታ። አዳምጣለሁ። እናቴ ጀርባ ላይ ሆኜም አዳምጫለሁ ልበለው? ሁለት ዓመቴ ነበር አሉ፤ የምንኖረው ከወንዙ ምሥራቅ፣ ከሴንት ሉዊስ ፊት ለፊት ነበር። ፋብሪካዎቹ ነጮቹ ሥራ ቢያቆሙባቸው ከደቡብ ጥቁር ሠራተኛ በርካሽ አስመጡ፤ ባለፋብሪካው ላይ መቆጣት ያቃተው ሁሉ ተነስቶ እኛ ላይ ተቆጣ። ሰፈሩን በእሳት ለኮሱት። የሚሸሸውን በጥይት ጠበቁት። እናቴ እኔን አዝላ፣ ኦፓልን በሆዷ ይዛ፣ ድልድዩን ተሻገረች፤ አባቴ ከኋላ አንድ ፍራሽ ተሸክሞ። ፍራሽ። ከሁሉ ነገር ፍራሹን ማንሳቱ እስኪሞት ድረስ ሲያሳፍረው ኖረ፤ እናቴ ግን ሰው ፊት ሁሉ ትኮራበት ነበር፣ ልጆቼ መሬት ላይ ተኝተው አያውቁም እያለች። ይህን ረታ ቢሰማ ወረቀቱ ላይ ይጨምረዋል። ፍራሹን ግን አይጽፈውም፤ ፍራሽ መፈክር አይሆንማ።

አሁን መኩሪያ እጁን አወጣ። ወይ ጣጣዬ። አቶ መኩሪያ የእድራችን ዳኛ ነው፣ የጉምሩክ ጡረተኛ፣ የልብ ወዳጄ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ቤቴ መጣና በሩን ራሱ ዘግቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ መላ አገኘሁ አለኝ። ቅድመ አያትህ የከፋ አገር ሰው ነበር እንላለን፤ ባሪያ ፈንጋይ ነው የወሰደው፤ አንተ ወደ አባትህ አገር ተመለስክ እንጂ ከአሜሪካ አልመጣህም፤ መልክህም ያግዘናል። መኩሪያ፣ አልኩት፣ ወደ አሜሪካ የሄደው ባሪያ በከፋ በኩል አይደለም የተጫነው፣ በሌላው ባሕር ነው። ይህን አንተ ታውቃለህ፣ አለኝ፣ እኔ አሁን ሰማሁ፣ ረታ ከየት ያውቃል? አንተ ብቻ ሲጠይቁህ አዎ በል። አንዲት ቃል ናት፣ ምን ትከብድሃለች? አዎም እንቢም ሳልለው ሄደ። ሌሊቱን ስገላበጥ ይቺን አዎ አፌ ውስጥ እያላመጥኩ ነው ያደርኩት። ቢያባርሩኝ የት እወድቃለሁ? የሻሽወርቅን ማን ይጠይቅልኛል? በየወሩ መቃብሯ ላይ የሚነቀለው ሣር አለ፣ የማወራላት ወሬ አለ። እፈራለሁ፣ ምን እዋሻለሁ። በሰፈሩ ሰው እየጠፋ ነው፣ ማታ ተኩስ እየሰማን ነው የምንተኛው፣ ረታን መቀለጃ የሚያደርጉበት ጊዜ አይደለም፤ ዘመኑ ስልሳ ዘጠኝ እኮ ነው።

መኩሪያ ዓይኑን በጨው አጥቦ ይናገራል። ትናንት ለእኔ ቅድመ አያት ያለው ዛሬ ስምም መንደርም አግኝቶለታል፤ ማር ሲቆርጥ ነው የተያዘው አለ። ማር! ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። እውነት ለመናገር እኔም ሊያስለቅሰኝ ነበር። ረታ ወደ እኔ ዞረ። «እውነት ነው? ትውልድዎ ከዚህ አገር ነው?» መኩሪያ ጉሮሮውን ጠረገልኝ። አንዲት አዎ፣ በቃ፣ ቤቴ እገባለሁ፣ ሚካኤል እሄዳለሁ፣ ማታ ሬዲዮዬን እከፍታለሁ።

እናቴ ስትሞት ግን ሴንት ሉዊስ ሄጄ ነበር። ቴሌግራም ደረሰኝ፣ አውሮፕላን በአውሮፕላን እየቀየርኩ ደረስኩ፤ ባለታክሲውን ወደ ሰፈሬ ውሰደኝ አልኩት። ወሰደኝና ሜዳ ላይ አቆመ። አልተሳሳትክም ወይ አልኩት፤ አልተሳሳትኩም አለ። ከባቡር ጣቢያው ጀምሮ ዓይኔ እስከሚደርስበት ድረስ ምንም የለም፤ ቦምብ የተጣለበት ይመስላል ብለው የከተማዋ ሰዎች ራሳቸው ስም አውጥተውለት ነበር። ያን ሁሉ ሺህ ሕዝብ ያባረረው ጦር አይደለም። ኮሚቴ ነው። ካርታ ተዘረጋ፣ ሰፈሩ ቆሻሻ ነው ተባለ፣ ድምፅ ተሰጠ፣ ሕዝቡ ወስኗል ተባለ፣ አፍራሹ መጣ። የአባቴን ጡብ ከነቀሉት በኋላ በመኪና ጭነው ወሰዱት፤ ጡቡ እንኳ ከእኛ ይልቅ ተፈላጊ ነበር። ወንዙ ዳር ያሉትን የድሮ መጋዘኖችም ከዚያ በፊት ጠርገዋቸው ነበር፤ በኋላ በቦታው ሰማይ የሚነካ የብረት ቅስት አቆሙበት፤ ወደ ምዕራብ ለሄዱት ሰዎች መታሰቢያ ነው ይላሉ፤ ተሸክመው ለቀሩት ግን አንዲት ድንጋይ የለች። እናቴን የቀበሯት አራት የተከራዩ ሰዎች ናቸው፣ ነጭ ጓንት ያጠለቁ። ጎረቤቶቿ በየአቅጣጫው ተበትነው ማን ሰምቶ ይምጣ? ኦፓልና እኔ፣ አንድ ቄስ፣ ሁለት አሮጊቶች። አንደኛው ባለጓንት ሰዓቱን አየ። እዚያው አፈሩ ላይ ቆሜ የየሻሽወርቅ ምርቃት የዚያን ጊዜ ገባኝ።

ተነሳሁ። «አይደለም» አልኩ። «መኩሪያ ወዳጄ ስለሆነ ነው የዋሸልኝ፣ እግዜር ያክብርልኝ። እኔ የከፋ ሰው አይደለሁም። የሴንት ሉዊስ ሰው ነኝ።» መኩሪያ ግንባሩን በመዳፉ መታ። ቀጠልኩ፣ ከዚህ በኋላ ማን ያቆመኛል። ጓድ ረታ ያነበበው ግማሹ ልክ ነው አልኩ፤ የቀረውን ግማሽ እኔ ልንገራችሁ። ያቺን ከተማ የሠራናት እኛ ነን። አባቴ ያልነካው ጡብ ስንት ነው? ሠርተን አባረሩን፤ ስለተባረርን የእኛ አትሆንም ማለት አይደለም። የእኔ ያልሆነ ከተማ አያናድደኝም፤ ይቺ ግን ይኸው እስከዛሬ ታናድደኛለች። እሑድ እሑድ ዘፈኑ፣ የዓሣው ሽታ፣ ክረምት ላይ እንደ ዓባይ የደፈረሰው ውሃ፣ እነሱን ወረቀቱ ላይ አላየሁም። ሕዝቡ ወስኗል የሚባለውን ነገር ደግሞ ከዚያ ነው የማውቀው፤ አንድ ጊዜ አይቼዋለሁ፣ ለእኔ አዲስ አይደለም። ብታባርሩኝ የቦሌ ሰው ሆኜ ነው የምባረረው። ቦሌን ላግኝ ብዬ እናቴን አልክድም፣ እናቴን ብዬም የሻሽወርቅን አልተውም። ጨርሻለሁ። ተቀመጥኩ፤ ያኔ ነው ላቡ የመጣብኝ።

«እንግዲህ ከራሱ አፍ ሰማችሁ» አለ ረታ። እርስዎ መባሉም ቀረ። «አሜሪካዊ ነኝ ብሏል። ወደ ድምፅ እንሂድ።» እጅ የሚያወጣ ጠፋ፤ የሚቃወምም ጠፋ፣ ሁሉም ጉልበቱን ያያል። ሰው ፈርቷል፣ አልፈርድበትም። መኩሪያ ወደ ጆሮዬ ዘንበል ብሎ፣ ላድንህ ብል አንተ ደንጊያ ራስ አለኝ፤ ዓይኑ ግን እንባ አቅርሯል። በቃ አለቀልኝ፣ ሬዲዮዬን ለማን ልስጠው ብዬ ሳስብ፣ ከወደኋላ ወይዘሮ ሰዓዲያ ነጠላዋን እያስተካከለች ተነሳች። ሰዓዲያ የወሎ ሰው ናት፣ ከቤቴ ማዶ ሱቅ አላት፣ ስኳር በጠፋበት ሁሉ ለእኔ ትደብቅልኛለች።

«እኔ የምጠይቀው» አለች «ፖለቲካ አይደለም፣ እሱን እናንተ ታውቃላችሁ። የምጠይቀው የእድሩን ዳኛ ነው። አቶ መኩሪያ፣ ጋሽ ሮስኮ የእድር አባል ናቸው አይደሉም?»

«ናቸው እንጂ» አለ መኩሪያ፣ ወዴት እንደምትሄድ ገና ሳይገባው።

«ቀርተው ያውቃሉ?»

«ለቅሶ? እሱ? የድንኳኑን ብረት የበየደው ማን ሆነና። እሱ ካልቆመ ድንኳኑም አይቆም።»

«እንግዲያው ቀብራቸው እኛ ላይ ነው ማለት ነው» አለች ሰዓዲያ። «የባሌን የአብዱልገኒን አስከሬን ኮልፌ ድረስ መኪና ነድተው ያደረሱት እሳቸው ናቸው፤ በዝናብ። እኔ ያንን ሳልመልስ እንዴት ነው የሚሄዱት? አሜሪካ ቢሞቱ ድንኳኑን ተሸክመን በየት በኩል ነው የምንሄደው?»

መጀመሪያ አንድ ሰው ሳቀ፣ ከዚያ ሌላው። መኩሪያ ይህን ጊዜ ገባው፤ ብድግ አለ፣ የጉምሩክ ድምፁን አወጣ። የእድር አባል የሚሰናበተው፣ አለ፣ ሦስት ለቅሶ ያለ ምክንያት ሲቀር በእድሩ ጉባኤ ብቻ ነው፤ ይህ የቀበሌ ጉባኤ ነው፤ እድሩ የቀብሩ ዕዳ ያለበትን ሰው ቀበሌው ሊያስወጣብን አይችልም፤ መጀመሪያ እንቅበረውና ከዚያ ይሂድ! በሕግ አምላክ! እንዲህ ያለ ሕግ የትም እንደሌለ እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ያውቃል፤ ግን ሰዉ ሁሉ ልክ ነው፣ ልክ ነው ማለት ጀመረ፤ ቅድም ጉልበቱን ያይ የነበረው ሁሉ። እድር ላይማ ማን ይቀልዳል? ረታ ጠረጴዛውን መታ። ሥርዓት! አለ። እናቱ ከፊት ረድፍ ነበረች። «ረታ» አለችው፣ ጓድም ሳትለው፣ «አባትህን ማን ተሸከመው?»

ረታ ወረቀቱን አጠፈ። ደጋግሞ አጠፈው፣ ትንሽ እስኪሆን። እኔን አላየኝም፣ እናቱንም አላየም፤ ግድግዳው ላይ ያሉትን ጺማሞች ነው ያየው። «ጉዳዩ ለጊዜው ይቆይ» አለ። «ግለሰቡ በየሳምንቱ እየቀረበ ይፈርም። ቀጣይ አጀንዳ፣ የስኳር እደላ።» ለጊዜው ናት። ነገ ምን ይዞ እንደሚመጣ አላውቅም፣ ረታም አያውቅም። በየሳምንቱ ልፈርም፣ ምን ገዶኝ፣ ብዕር ከሰጡኝ። ስወጣ ደጁ ፀሐይ ነበር፤ መኩሪያ ክንዴን ይዞ እስከ በር ይሰድበኛል። ድንኳኑን ኋላ የት ነው የምንተክልልህ፣ ግቢህ ጠባብ ነው አለኝ። ሰዓዲያ የእኔ ደጅ ይሰፋል አለች። መኩሪያ ተቆጣ፤ እንዴት ሆኖ፣ ሬሳው ከራሱ ቤት ነው መውጣት ያለበት። ቆማችሁ ቅበሩኝ እንጂ አልኳቸው። አልሰሙኝም፣ ይከራከራሉ።

አመሻሽ ላይ ቴሌ ሄጄ ለኦፓል ደወልኩላት። መስመሩ እስኪገኝ ሳል፣ ጩኸት፣ የሰው ሁሉ ስም ሲጠራ። እሷ ጋ ገና ጠዋት ነው፤ ድምፁ እንደልማዱ ይዘገያል። አልመጣም አልኳት። የጠየቅሽኝንም አግኝቻለሁ፤ እየተጣሉብኝ ነው እኮ ኦፓል፣ አንዱ ከቤቱ ይውጣ ይላል፣ አንዷ ከእኔ ደጅ ትላለች። ስለ እድሩ ነገርኳት፣ ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ሰዓዲያ። ሳቀች። ከዚያ መልሷ ቆየ፤ መስመሩ የዘገየ መስሎኝ ጠበቅኩ፣ ጠበቅኩ፤ ለካ መስመሩ አይደለም።

«ሮስኮ» አለች፣ ቀስ ብላ፣ «ያ ማኅበር ከሩቅ ያለ ሰው ይቀበላል?»

እናቴን የቀበሩት ባለጓንቶች ታዩኝ፤ ሰዓቱን ያየው ሰውዬ። ያን ቀን ከአጠገቤ የቆመችው ኦፓል ዛሬ በዚያች ከተማ ማን አላት? ይቀበላል አልኳት። አንቀበልም ቢሉም እኔ አለሁ፣ እጣላቸዋለሁ።